ቀኝ እጄ የከሳበት ጊዜ

መጀመሪያ የደነዘዘችው ትንሿ ጣቴ ናት። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለ ቡና ቤት፣ ባንኮኒው ላይ ክርኔን አስደግፌ ማኪያቶ ስጠጣ፣ ብርጭቆውን በያዝኩበት እጄ ዳር የሌላ ሰው ጣት የተለጠፈ መሰለኝ። አየኋት፤ የራሴ ናት። አራገፍኳት፣ በጥርሴ ነከስ አደረግኳት፣ ትንሽ ቆይታ ተመለሰች። ሰው እግሩ በደነዘዘ ቁጥር ሐኪም ቤት አይሮጥም፤ ጣት ደግሞ ከእግር አትበልጥም። ማኪያቶዬን ጨርሼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው ቢባል እውነቱ ግማሽ ነው። ቆራጭ ነኝ። ሙሉ ልብስ ሊያሰፋ የመጣን ሰው ልኩን የምወስደው፣ ጨርቁ ላይ በሳሙና ስባሪ የማሰምረው፣ በመቀስ የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የስፌት መኪናና የመርፌ ሥራ ነው። የሰፊ ስህተት ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል። የቆራጭ ስህተት ጨርቁን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ቆራጭ ትንሽ ቢኮራ አይፈረድበትም፤ እኔ ግን በትንሹ አልቆምኩም። ፒያሳ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ስቆርጥ መቀሴን ለማንም አውሼ አላውቅም። ባለቤቴ አንድ ቀን ሱቅ መጥታ ክር ልትበጥስበት ብታነሳው ከእጇ ቀምቻት ሁለት ቀን አኩርፋኝ ነበር።

ሱቃችን አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። የእንጨቱ ደረጃ ሰው መምጣቱን ቀድሞ ይናገራል። ከማዶ የነበሩት ቤቶች ፈርሰው ሰፊ የእግረኛ መንገድና ረዣዥም መብራት ገብቶበታል፤ የኛ ፎቅ ለጊዜው ቆሟል። በመስኮቱ ድሮ የማናየው ሰማይ ይታያል። ለቆራጭ ብርሃን ጥሩ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

አብሮኝ የሚሠራው ሰፊ ከወልቂጤ በኩል የመጣ ሰው ነው። በዕድሜ አሥራ ሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ። ሃያ ዓመት አብረን ስንሠራ «ጋሼ» እና «እርስዎ» ከማለት ዝንፍ ብሎ አያውቅም፤ እኔ «አንተ» እለዋለሁ፣ ሲከፋኝ ደግሞ «ስማ»። ቁጥብ ነው። የሚያስቅ ነገር ሲሰማ እንኳ ወደ መኪናው አጎንብሶ ነው የሚስቀው። መቁረጥ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ለልጆቹ በራሱ መቀስ ቆርጦ የሰፋላቸውን ልብስ አይቻለሁ፣ እንከን አላገኘሁበትም፣ እንዳላገኘሁበትም አልነገርኩትም። የኔን መቀስ ግን የሚነካው ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ቢላና መቀስ የሚስለው ሰውዬ ዘንድ ሲወስደው ብቻ ነበር።

ምሳ ከአንድ ትሪ እንበላለን። እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ ጴንጤ ነኝ። እሱ የኔን ሥጋ አይበላም፣ እኔም የሱን አልበላም፤ ለምን ተባብለን አናውቅም፣ አገሩ እንዲህ ነው። ስለዚህ ሃያ ዓመት ሙሉ ምሳችን ሽሮና ምስር ሆነ። ሁዳዴን የማልቆጥረው እኔና ረመዳንን የሚጾመው እሱ ዓመቱን በሙሉ የጾም ምግብ ስንበላ ያየ ደንበኛ፣ ከሁለታችን የበለጠ መንፈሳዊ ሰው ያለ አይመስለውም።

በዚያ ትሪ ላይ ነው እጄ የከዳኝ። እንጀራ ቆርሶ ሽሮ ለመጠቅለል አምስቱም ጣቶች ጫፍ ለጫፍ መገናኘት አለባቸው። ይህን ያወቅኩት መገናኘት ሲያቆሙ ነው። ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ወደ መዳፌ ጎበጥ ብለው ቀሩ፤ የቀሩት ብቻቸውን ይለፋሉ። ጉርሻው አፌ ሳይደርስ ይፈታል። ሽሮው ሸሚዜ ላይ ሲንጠባጠብ «ዛሬ ደግሞ አቅጥነውታል» እላለሁ። በማግስቱም ቀጥኗል። በሳምንቱም ቀጥኗል። እሱ አንድም ቀን አልቀጠነም አላለኝም፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ ያኝካል።

ከዚያ የሸሚዝ ቁልፍ ተራ መጣ፣ ከዚያ የበር ቁልፍ። ሰው ሰላም ሲለኝ እጄን ጨብጦኝ እኔ መጨበጤን እጠራጠራለሁ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል፣ በእጅ ጀርባ በኩል፣ ጣቶቹን ስናጣብቅ ጉብ የምትል ሥጋ አለች። የኔ ሰመጠች። ቀስ በቀስ በእጄ ጀርባ አጥንቶች መካከል ቦይ ቦይ ወጣ። ሌላው ሰውነቴ ደህና ነው፣ እንዲያውም ሆዴ ወፍሯል። አንድ እጅ ብቻውን ሲከሳ አይቼ አላውቅም ነበር። ፈራሁ። ስለፈራሁም እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

እኛ ጋ ምክንያቱ ያልታወቀ ነገር ሁሉ ብርድ ነው። ባለቤቴ መደንዘዙን ብቻ ነግሬያት «ብርድ መትቶህ ነው» ብላ የሱፍ ጓንት ገዛችልኝ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ጓንቱን አይታ ብርድ መሆኑን አረጋገጠችልኝ። ዶሮ ማነቂያ የነበረው ወጌሻ ሰፈሩ ሲፈርስ ራቅ ያለ ኮንዶሚኒየም ገብቶ ስለነበር፣ እሱን ፍለጋ ሁለት ታክሲ ይዤ ሄድኩ። እጄን እያገላበጠ አይቶ ሥር ዞሯል አለኝ። ቅባት ቀብቶ ከትከሻ እስከ ጣት አሸኝ። ክርኔ ላይ ሲደርስ እስከ ትንሿ ጣቴ ጫፍ እሳት ሲሮጥብኝ ጮህኩ። ይኸው ብርዱ እየወጣ ነው አለኝ። ደጋግሜ ሄድኩ፤ ብርዱ አላለቀም።

ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ ደግሞ እጄ ሥራ እየፈታ ነው፣ ማሠራት አለብኝ ብሎ የላስቲክ ኳስ ሰጠኝ። ማታ ማታ ሶፋው ላይ ክርኔን አጥፌ፣ በክንዱ ማሳረፊያ ላይ ተደግፌ ኳሱን ጨመቅኩ። ኳሱ ምንም አልሆነም። በጨመቅኩ ቁጥር ጣቶቼ ይንቀጠቀጣሉ፣ በማግስቱ መቀሱ የበለጠ ይከብደኛል። የቆራጭ መቀስ ድሮም ከባድ ነው፤ እኔ ግን ክብደቱ ሲሰማኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

በዚህ ሁሉ ለባለቤቴ መድከሙን አልነገርኳትም። መደንዘዝና መድከም የተለያዩ ናቸው። የደነዘዘ እጅ ያለው ቆራጭ ቆራጭ ነው። የደከመ እጅ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደሚባልም አላውቅም ነበር።

አንድ ጡረታ የወጣ መምህር ለልጁ ሠርግ የሚለብሰውን ሊያሰፋ መጣ። ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ጨርቅ ነው፤ ለዓመታት በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀምጦት እጥፋቱ ላይ ሳይቀር ቀለሙ አልለቀቀም። እንደ ወጣትነቱ ዘመን ሁለት ረድፍ ቁልፍ ያለው ኮት ነው የፈለገው። ጨርቁ ልክ ልኩን ነው፤ ትርፍ የለውም። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አሰመርኩና መቁረጥ ጀመርኩ።

ቀጥ ያለውን ደህና ሄድኩ። ብብቱ ጋ፣ መስመሩ የሚዞርበት ቦታ ላይ፣ አውራ ጣቴ ጎበጠ። መቀሱ በእጄ ውስጥ ተጋደመና ሁለት ጣት ያህል ከመስመሩ አልፎ ወደ ኮቱ ፊት ገባ። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ጨርቅ በትክክል ሲቆረጥም ሲሳሳትም ያው አንድ ድምፅ ነው። የሰፊው ጓደኛዬ የስፌት መኪና ቆመ።

«ምን አድርገህ ነው ያሳልከው?» አልኩት።

ተነስቶ መጣ። ጨርቁን አየ፣ መቀሱን አየ፣ ከዚያ እጄን አየ። እጄን ማየቱን አይቻለሁ። ወዲያው ወደ ኪሴ ሰደድኩት። «ይቅርታ ጋሼ፤ ሌላ ቦታ አስለዋለሁ» አለኝ። መቀሱን በጨርቅ ጠቅልሎ ደረጃውን ወረደ። ከሦስት ቀን በፊት የተሳለ፣ ፀጉር የሚሰነጥቅ መቀስ ይዞ እንደገና ሊያስል ሄደ።

ኮቱን ከሞት ያተረፍነው አንድ ረድፍ ቁልፍ በማድረግ ነው፤ ሊደራረብ የነበረውን ጨርቅ ወስደን ፊቱን እንደ አዲስ አወጣንበት። መምህሩ ለልክ ሲመጣ ለምን እንደተለወጠ ጠየቀ። ጓደኛዬ መኪናው ላይ ተቀምጦ እየሰማ፣ መቀሱን በደንብ አላሳለውም ነበር አልኩ። መምህሩ ዞር ብሎ አየው። እሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ በድጋሚ ይቅርታ ጠየቀ። መምህሩ ደግ ሰው ነው፤ መስታወት ፊት ቆሞ እንዲያውም ወጣት አስመሰለኝ አለና ሄደ። እኔ ያን ቀን ምን እንደተሰማኝ ብጠየቅ፣ ምንም ነው መልሱ። ሲያፍሩ የሚሞቀው ጆሮዬ እንኳ አልሞቀም። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ይህን ሳይሆን አይቀርም።

ሐኪም ቤት የወሰደኝ ካውያ ነው። ሱሪ ተኩሼ፣ ካውያውን አቁሜ፣ ከአንድ ደንበኛ ጋር እያወራሁ እጄን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ። ጓደኛዬ ከመኪናው ተፈናጥሮ ክንዴን ጎተተው። «ጋሼ፣ እጅዎ!» አለ። ያን ጊዜ ነው የሸተተኝ። የእጄ ዳር ከትንሿ ጣት በታች ካውያው ላይ ተለጥፎ ቆይቷል፤ ቆዳው ነጭ ሆኖ ተልጧል። አላመመኝም። ደንበኛው ፊቱን አጨማደደ፣ ጓደኛዬ ውሃ ሊያመጣ ሮጠ፣ እኔ ቆሜ የሰው ቁስል እንደማይ አየሁት።

ቁስሉን ባለቤቴ ስታየው ነገሩ ከብርድ አለፈ። በማግስቱ እጄን ይዛ፣ እንደ ተማሪ እየመራች፣ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ነርቭ ማለት ለኔ ሰው ሲናደድ የሚነሳበት ነገር ነበር። ሐኪሟ የልጄ እኩያ ናት። ትንሿን ጣቴን በጥጥ ነካችኝ፣ በመርፌ ጫፍ ነካችኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ የትኛው የትኛው እንደሆነ አላወቅኩም። ጣቶችዎን ይክፈቱ አለችኝ፤ ግራዎቹ ተከፈቱ፣ ቀኞቹ አሰቡበት። ከዚያ አንዲት ወረቀት በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል አስይዛ ጎተተች። በግራ እጄ ስይዛት ወረቀቷ ተቀደደች። በቀኝ እጄ ስይዛት አውራ ጣቴ ጎበጠና ወረቀቷ እንደ ቅቤ ሾልካ ወጣች። ሠላሳ ዓመት ሱፍ የቆረጠ እጅ ወረቀት መያዝ አቃተው። ባለቤቴ ወለሉን አየች።

ክንዴ ላይ ሽቦ ለጥፈው በኤሌክትሪክ እየነዘሩ መለኩት። ከክርኔ በታች ሲነዝሩት ይሄዳል። ከክርኔ በላይ ሲነዝሩት ክርኔ ላይ ሲደርስ ይንቀራፈፋል፣ ጣቴ ዘንድ የሚደርሰው እንጥፍጣፊ ነው። ሐኪሟ ክርኔን ዘርግታ ከግራው ጋር አስተያየችው። «ጋሼ፣ በልጅነትዎ ይህ ክንድ ተሰብሮ ያውቃል?» አለችኝ።

ተሰብሮ ያውቃል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ከግንብ ላይ ወድቄ፣ ወጌሻ በቀርከሃ አስሮልኝ፣ ጠምዘዝ ብሎ ገጠመ። ክርኔ ወደ ውጭ ይሄዳል። ለራሴ ኮት ስቆርጥ ቀኝ እጅጌውን ከግራው ለየት አድርጌ ነው የማወጣው፤ ዕድሜ ልኬን እንዲያ ሳደርግ ለምን ብዬ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። የሌላው ሰው ትከሻ በግማሽ ጣት ቢዛነፍ ከበር ሲገባ የማይ ሰውዬ ነኝ። ሐኪሟ እንደነገረችኝ የጣቶቼ ነርቭ የሚያልፈው በክርኔ ኋላ ነው፤ በተጣመመው አጥንት ላይ እጄን ባጠፍኩና በዘረጋሁ ቁጥር ለአርባ አምስት ዓመት ሲወጠር ኖሯል። ላዩ ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ሲደክመኝ ባንኮኒው፣ ማታ የሶፋው ክንድ አለ። ነርቩ ብዙ ታግሷል። እኔ ብሆን አልታገስም ነበር።

ጡንቻዬ ለምን ከሳ፣ ኳስ እየጨመቅኩ ነበር እኮ አልኳት።

«ጡንቻዎ ጥፋት የለበትም» አለችኝ። «በራሱ አይንቀሳቀስም፤ በነርቭ ሲታዘዝ ነው። ትእዛዙ ክርንዎ ላይ እየቀረ ነው። ያልታዘዘ ጡንቻ ይከሳል፣ ሲቆይም ይሞታል። ኳሱ ክርንዎን አሳጥፎ ካልጎዳዎት አልጠቀመዎትም።»

የገባኝ በራሴ ሙያ ነው። እግር ቢረግጥም ቺንጋው የተበጠሰ የስፌት መኪና መርፌው አይወርድም፤ ሰው ግን መርፌውን ይወቅሳል። እንዲህ ስላት ፈገግ አለችና ልክ ነው፣ ግን የእርስዎ መርፌ ቺንጋው እስኪቀየር ዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም፣ ጡንቻ ግን እንደዚያ አይጠብቅም አለች። ነርቩን በኦፕራሲዮን ከተወጠረበት ማላቀቅ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ከክርን እስከ ጣት እንደገና ማደግ አለበት፤ ነርቭ ደግሞ እጅግ ቀርፋፋ ነው፣ ወራት ይፈጅበታል። ሲደርስ ጡንቻው በሕይወት ካለ ይቀበለዋል። ያለ ትእዛዝ ዓመት፣ ዓመት ተኩል የቆየ ጡንቻ ከሆነ የሚቀበለው አይኖርም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ድካሙ መቼ እንደጀመረ ነው አለችና እስክሪብቶዋን አንስታ ጠበቀችኝ።

ሦስት ወር አልኩ።

እጄን እንደገና አየችው። እንዲህ የሚከሳው በሦስት ወር እንዳልሆነ በትህትና ነገረችኝ። ባለቤቴ ወደኔ ዞረች። ወረቀት መያዝ ካቃተኝ በኋላ ምን እደብቃለሁ ብዬ ዓመት ከአራት ወር ነው አልኩ። ባለቤቴ ቦርሳዋን ከፍታ ውስጡን ማየት ጀመረች፣ የምትፈልገው ነገር ግን አልነበረም። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አለችኝ። ተረቱን የማላውቀው መስሏት አይደለም። ሌላ የምትለው አጥታ ነው።

ኦፕራሲዮኑ ደህና ሄደ። ነርቩን ከአጥንቱ ኋላ አንስተው ወደ ክርኔ ፊት አዛወሩት። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች መጥተው ጸለዩልኝ፤ ኳሱን የሰጠኝ ሽማግሌ ከሁሉም ረዘም አድርጎ ጸለየ፣ ምን እያሰበ እንደነበር ገባኝ። ለሁለት ሳምንት ክንዴን በፋሻ አንጠልጥዬ ቤት ተቀመጥኩ።

ሱቅ ስመለስ መደርደሪያው ላይ ሰባት ጨርቅ ታጥፎ አገኘሁ። ጓደኛዬ ደንበኛ ሲመጣ ጋሼ እስኪሻላቸው እያለ ጨርቁን እየተቀበለ አስቀምጦታል። አንዱንም አልቆረጠም። መቀሱ ባስቀመጥኩበት ነው። እሱ ሱሪ ሲያሳጥር፣ ዚፕ ሲቀይር፣ ገበር ሲጠግን ነው የከረመው። ቁረጥ አላልኩትም። እሱም ልቁረጥ አላለም። ከሰባቱ አምስቱ ደንበኞች ጠብቀው ጠብቀው ጨርቃቸውን ወሰዱ።

እንዲህ ሆነን ስምንት ወር ተቀመጥን። እኔ በመስኮቱ በኩል ሰፊውን መንገድ አያለሁ፣ እሱ የሰው ሱሪ ያሳጥራል። እጄን በየማለዳው ብርሃን ላይ ይዤ እፈትሸዋለሁ። በአራተኛው ወር ትንሿ ጣቴ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ። በስድስተኛው ትኩስና ቀዝቃዛ መለየት ጀመረች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ባለቤቴ አለቀሰች። እኔ ግን የማየው በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያለውን ጎድጓዳ ነው። እዚያ ምንም አልበቀለም። ካርቶን በግራ እጄ ልቆርጥ ሞከርኩ፤ ውሻ የዘነጠለው መሰለ።

በስምንተኛው ወር ሐኪሟ እንደገና በኤሌክትሪክ ለካችኝ። ስሜቱ ሌላም ይሻሻላል፣ ከዚህ በኋላ የሚከሳ ጡንቻ የለም፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው አለችኝ። የከሱትስ አልኳት። መልሷን ከማዘግየቷ አወቅኩት። ነርቩ ደርሷል፣ ግን ዘግይቶ ነው የደረሰው አለች። ግማሽ ዓመት ያህል ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ ብላ ጀመረችና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው። አመስግኛት ወጣሁ። ከዚያ እስከ ሱቅ በእግሬ ሄድኩ፤ መንገዱን አላስታውሰውም።

ሱቅ ስገባ ጓደኛዬ ከመኪናው ቀና አለ። ምን እንዳሉኝ አልጠየቀም። ከቀሩት ሁለት ጨርቆች አንዱን አወረድኩና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ግራጫ ሱፍ ነው። በሳሙና ማስመር እችላለሁ፤ ቀስ ብዬ አሰመርኩ። ከዚያ መቀሱን በሁለት እጄ አንስቼ፣ እጀታውን ወደሱ አዙሬ ያዝኩለት።

አልተቀበለኝም። ይሻልዎታል፣ እንጠብቅ አለኝ። አይሻለኝም አልኩት። ያን ጊዜ የመምህሩን ኮት ነገር አነሳሁለት። መቀሱ የተሳለ ነበር፣ ያበላሸው እጄ ነው፣ አንተን ሰው ፊት ያዋረድኩህ እያወቅኩ ነው፣ ይቅር በለኝ አልኩት። በሃያ ዓመት ይቅር በለኝ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። ድምፄ ደረቅ ነበር፤ ጨርቅ ስንት ሜትር እንደሚበቃ የምናገር ያህል።

«አውቅ ነበር ጋሼ» አለኝ።

ያን ቀን ነው ያወቅከው? አልኩት። አይደለም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። መቀሱን አሁንም አልነካውም። ትሪው ላይ ነው ያየሁት አለኝ። ሽሮ ቀጠነ ማለት ስጀምር እጄን ማየት ጀመረ፤ ገና መጎድጎዱ ለኔ ለራሴ ሳይታየኝ እሱ በአውራ ጣቴ ሥር ሲሰምጥ አይቶታል። እነሱ ሰፈር አንድ ሰው እጁ እንዲሁ ከስቶ፣ ቶሎ ታክሞ ድኗል። የሰውየውን ሐኪም ስም ጽፎ ኪሱ ይዞ ነበር። ከካውያው በፊት፣ ከመምህሩ በፊት፣ ከወጌሻው በፊት። ወደ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በየቀኑ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ወረቀቱን በኪሱ ይዞ፣ ሽሮ በልቷል።

ሐኪሟ ሳትጨርሰው የተወችው ዓረፍተ ነገር እዚያ ተጨረሰ። ከደነዘዝኩ ጀምሮ የመጀመሪያው የተሰማኝ ነገር ንዴት ነው፤ ጥርት ያለ፣ የሚያቃጥል። ጠረጴዛውን ይዤ ቆምኩ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ ጋሼ?» አለ። ዓይኖቹ እንባ አቅርረዋል። «እጅዎ ደክሟል ብልዎ፣ መቀሴን ፈልገህ ነው ይሉኝ ነበር።»

አልልህም ልለው አፌን ከፈትኩ። ሃያ ዓመት ከአንድ ትሪ የበላነው፣ ለልጆቹ የሰፋውን ልብስ አይቼ ዝም ያልኩት፣ ከባለቤቴ እጅ እንኳ መቀስ የቀማሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ማን አምኖኝ ነው።

«ልክ ነህ፣ እልህ ነበር» አልኩት። «እንደዚያው እልህ ነበር።»

መቀሱን ተቀበለኝ። ቦታውን ለቀቅኩለትና ወደ ጠረጴዛው ማዶ ዞርኩ። ጨርቁ እንዳይሸሽ ቀኝ እጄን ዘርግቼ ላዩ ላይ ተጫንኩበት፤ ለዚያ ይበቃል። ቢስሚላህ ብሎ ጀመረ። ብብቱ ጋ፣ መስመሩ የሚዞርበት ቦታ ላይ ሲደርስ ዓይኔን ከመቀሱ አላነሳሁም። መስመሩን አልሳተም።